አንድ ውርወራ ብቻ

ረቡዕ

አቦይ እድሪስ እሺ አሉ። እሑድ ረፋድ ላይ ከጋሼ ጦይብ ጋር ሆነው ወደ ሐጂ ይማም ቤት ይሄዳሉ፤ ሐያትንም ለእኔ ይጠይቁልኛል። ይህን ቃል ከአፋቸው እስክሰማ ድረስ፣ ከዒድ ወዲህ ደህና እንቅልፍ አልተኛሁም።

ቃሉን የሰጡኝ ውሃ ዳር ነው። ሌላ ቦታ ልጠይቃቸው ድፍረቱ አልነበረኝም። የልያን ወንዝ ከፊዮርዱ፣ ወደ ምድር ከገባው የባሕር ክንድ ጋር በሚገናኝበት፣ ጨው አልባውና ጨዋማው ውሃ በሚቀላቀሉበት ስፍራ፣ ማጥመድ የተከለከለበትን ስፍራ ከሚያሳየው ምልክት ወዲህ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። የሁለታችንም ዓይን በዓሣ ማጥመጃው ክር ላይ ነበር። «አቦይ፣ አባት የለኝም፤ ሽማግሌ ይሁኑኝ» አልኳቸው። የክሩን መጠቅለያ ማዞር ሳያቆሙ «የማንን ልጅ?» አሉ። ነገርኳቸው። «የአውቶቡስ ነጂውን? ያ ሰው ሰዓት ላይ ቀልድ አያውቅም። እሺ፣ ወደይ» አሉና ወረወሩ፤ ‹ወደይ› በቋንቋቸው ልጄ ማለት ነው።

አቦይ እድሪስ የከረን ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በትራም ጥገና ሠርተዋል፤ አማርኛን በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሳሉ ለምደውታል። ኦስሎ በገባሁበት በመጀመሪያው ክረምት መስጊድ ውስጥ ጥግ ይዤ ስተክዝ አይተውኝ «ተቀምጠህ ከምትተክዝ ቆመህ ብትበርድ ይሻልሃል» ብለው ወደዚህ ውሃ አመጡኝ። እነሆ፣ እስከ ዛሬ ቆሜ እበርዳለሁ።

በእኛ አገር፣ በሐይቅ፣ ዓሣ የሚያዘው በመረብ ነበር። አቦይ ያስተማሩኝ ግን ሌላ ነው። ትል የለም፤ የሚበላ ነገር የለም። ስሉክ የሚሉት፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስል የመዳብ ቁራጭ አለ፤ ከጭራው መንጠቆ ተንጠልጥሏል። ትወረውረዋለህ፤ እየጠቀለልክ ትስበዋለህ፤ ታቆመዋለህ። ሲቆም እንደ ቆሰለ ዓሣ ይወድቃል። እንደገና ትስበዋለህ። ሹኦረት የተባለው ብርማ የባሕር ዓሣ ያን ጊዜ ከኋላው ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ግን አይነክስም። ጥላ ሆኖ እስከ እግርህ ድረስ ይከተልና፣ አይቶህ፣ ይመለሳል። እኔን የያዘኝ የሚነክሰው ዓሣ አይደለም። ይህ ተከትሎ የሚመለሰው ነው።

ሐያትን ያወቅኳትም እዚያው ነው። ሞርተንሩድ ካለው ባርነሃገ፣ ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ሕፃናቱን ሸርጣን ልታሳይ ይዛ ወርዳ ነበር። አቦይን በአማርኛ ሳናግር ሰማችና ቀረበች። «እና እያታለልክ ነው የምትይዘው?» አለችኝ። «ያ» አልኳት፤ አዎ፣ በኖርዌይኛ። «አፈርኩልህ» አለች፤ እየሳቀች።

የሚያሳስበኝ ብዙ ነው። ሐጂ ይማም «የማን ልጅ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። «እስከ ስንተኛ ተማረ?» ይላሉ፤ እስከ አራተኛ። «ሥራውስ?» ይላሉ፤ ቢየርቪካ በተባለው ሰፈር የቢሮ ጽዳት። እሷ በመጪው ዓመት የነርስነት ትምህርት ልትጀምር ነው። በዚህ ላይ ለሽማግሌዎቹ የትኛው አውቶቡስ እንደሚሻል ሳስብ ዋልኩ። ጋሼ ጦይብ መኪና እንዳላቸው ትዝ ያለኝ ማታ ነው።


ሐሙስ

ከሥራ በኋላ ጋሼ ጦይብ ዘንድ ሄድኩ። የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ የደሴ ሰው፤ ከሐጂ ይማም ጋር በአንድ ሰፈር አድገዋል። ሲናገሩ መሪውን የያዙ ይመስል እጃቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«አቦይ እድሪስ ሥርዓታችንን ያውቁታል?» ስል ጠየቅኳቸው።

«ከረን ሌላ ዓለም መሰለህ? ሽማግሌ ሁሉም ዘንድ ሽማግሌ ነው» አሉኝ። ቢሆንም ለማንኛውም አስረዱኝ፣ እኔም ለአቦይ እንዳስረዳ። ሽማግሌ ሲገባ አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ቢባልም «ጉዳይ አለን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብሎ ይቆማል። ቆሞ ይናገራል፤ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። የልጅቷ አባት ደግሞ ልጁ ርካሽ እንዳልሆነች ለማሳየት ትንሽ ያስቆማቸዋል። ከዚያ «በሉ እንግዲህ ተቀመጡ» ካለ ነገሩ ተስፋ አለው። ሽማግሌው ራሱ ቀድሞ ከተቀመጠ ግን ጥያቄውን አነሣ ማለት ነው። እንግዳ ሆነ፤ ሻይ ይጠጣል፤ ይሄዳል።

«ይማም እንደሆነ ያስቆመናል» አሉ ጋሼ ጦይብ። «ያን ሰው አውቀዋለሁ። እኔ በአንድ እግሬም እቆማለሁ፤ ብቻ ልጁ አደራ፣ ዓሣ ዓሣ አትሽተት።»

«እኔ አልገባም እኮ፣ ጋሼ። ጠያቂው አይገባም።»

«ሽታህ ቀድሞህ ይገባል።»

ለአቦይ ደውዬ ነገርኳቸው። «ሦስት ሰዓት በረዶ ላይ ቆሜ ዓሣ የጠበቅኩ ሰው ሳሎን ውስጥ መቆም ያቅተኛል?» አሉኝ። ልቤ አረፈ።


ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ወረድኩ። በተራራው ላይ ያለው በረዶ እየቀለጠ ነው፤ ወንዙ ሻይ መስሏል። አንዲት ትንሽ ዓሣ ያዝኩ፤ ሕጉ ከሚፈቅደው ታንሳለች፤ ለቀቅኳት። ስለቃት ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ለመብላት ከሆነ ሐላል ነው። ለጨዋታ ነፍስ ያለውን ነገር ማስጨነቅ ግን ምን ይባላል? ይህን ለአቦይ ባነሣሁባቸው ቁጥር «እጅህን በውሃ ሳታርስ እንዳትነካት፤ ቶሎ ልቀቃት፤ አላህን ፍራ» ይላሉ እንጂ ወደ ፍርዱ አይገቡም።

ሐያት ደወለች። እናቷ ከአሁኑ ሶፋውን እያጸዱ መሆናቸውን፣ አባቷ ግን ምንም እንደማያውቁ ሰው ሆነው ጋዜጣ እያነበቡ መሆናቸውን ነገረችኝ። ሳቅን። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ኑርዬ፣ እሑድ ጠዋት ውሃ ዳር እንዳትሄድ።»

«ያ፣ ያ።»

«‹ያ ያ› አትበለኝ። አንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ቀን እኔ ልቅደም።»

«ትቀድሚያለሽ» አልኳት። ስላት ከልቤ ነበር።


ቅዳሜ

ሸሚዜን ተኮስኩ። አቦይም ግራጫ ሱፋቸውን ከልብስ ማጠቢያ ቤት አመጡ።

እናቴ ደወለች፤ ዱዓ አደረገችልኝ። ሥራ በማይኖርበት ጊዜ የት እንደምውል ስትጠይቀኝ ስለ ወንዙ አፍ ነገርኳት። «ዓሣ ልታጠምድ ነው ኖርዌይ ድረስ የሄድከው? ሐይቅ አጠገብህ አልነበረም ወይ?» አለችኝ። 

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ደቡብ ዞረ። ቀኑን ሲዘንብ የዋለው ዝናብ ሌሊት እንደሚያባራ ተነገረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ነገ ሲነጋ ውሃው ከፍ ይላል፤ ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል። በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለው ጠዋት ጥቂት ነው።

ከመግሪብ በኋላ አቦይ ደወሉ። ስለ ሱፋቸው አውርተን፣ ስለ ሰላምታው አውርተን ጨረስን።

«አየኸው ነፋሱን?» አሉ በመጨረሻ።

«አየሁት።»

«ትልቅ ቃል ሊናገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ልቡን ማረጋጋት አለበት» አሉ። «ለትንሽ ጊዜ ብቻ። ከዳር ቆመን።»

እኔም ይህንኑ እየተመኘሁ ነበርና ተሽቀዳድሜ እሺ አልኩ። ለሐያት አልነገርኳትም። የሐጂ ይማም ቤት ያለበት ሞርተንሩድ እዚያው ከላይ ነው፤ በጊዜ እንደርሳለን።


እሑድ

 በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከፈጅር በኋላ ወረድን። ዝናቡ አባርቷል። ውሃው ከፍ ብሎ የዳሩን ድንጋዮች ሸፍኗል። ወንዙ የሚያመጣው ድፍርስ ውሃና የፊዮርዱ ጥርት ያለ ውሃ እንደ ነጠላ ጥለት ድንበር ሠርተው ይታያሉ፤ ዓሣው የሚያደባው በዚያ ድንበር ላይ ነው። አቦይ «ሱብሓነላህ» አሉ። ስምምነታችን ግልጽ ነበር። ጋሼ ጦይብ በሦስት ሰዓት መኪናቸውን ይዘው ከላይ መንገዱ ላይ ይደርሳሉ፤ እኛ ከዚያ በፊት የማጥመጃ ዘንጋችንን አጣጥፈን እንጠብቃቸዋለን። አቦይ ሱፋቸውን ለብሰው ከላይ ካፖርት ደርበዋል፤ ለእግራቸው ቦት ጫማ፣ የቆዳ ጫማቸው በከረጢት። እስከ ደረት የሚደርሱትን የጎማ ሱሪዎች ሁለታችንም ሆን ብለን ቤት ትተናል። ውሃ ውስጥ አንገባማ።

ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ መጣ። ከመዳቡ ኋላ፣ ክንድ የሚያህል ጥላ። እስከ ዘንጌ ጫፍ ደርሶ፣ ጎኑን አሳይቶኝ ተመለሰ።  እንደገና ወረወርኩ፤ እንደገና መጣ፤ እንደገና ተመለሰ።

አቦይ ሰዓታቸውን አዩ። «ወደይ፣ ይበቃል። ሰውየው አውቶቡስ ነጂ ነው።»

«አንድ ውርወራ ብቻ።»

ቆይተው «ኑሩ!» አሉኝ።

«አንድ ብቻ፣ አቦይ።»

ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳልኩ አላስታውስም። ከላይ የጋሼ ጦይብ ጥሩምባ ይጮኻል። ጆሮዬ ይሰማው ነበር፤ እኔ ግን አልሰማሁትም።

ያን ጊዜ ነከሰ። ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ወደ ትልቁ ድንጋይ ሮጦ ክሩን አዞረበት። ብስበው አልመጣ አለ፤ ባላላው አልሄድ አለ። አቦይ የተያዘ ዓሣ ማውጫ መረባቸውን አንሥተው «ያዘው! ያዘው፣ ወደይ!» እያሉ ገቡ። «ይተዉት» ያልኩ ይመስለኛል። በእርግጥ ብዬ እንደሆነ ግን መማል አልችልም። ውሃው እስከ ጉልበታቸው፣ ከዚያ እስከ ጭናቸው ደረሰ፤ ከዚያ ድንጋዩ አንሸራተታቸውና እስከ ወገባቸው ጠለቁ። መረቡን ግን አልጣሉም። ዓሣዋን ይዘው ወጡ።

እንስት ነበረች። ክረምቱን ወንዝ ውስጥ እንቁላሏን ጥላ የከሳች፣ ራሷ ከገላዋ የገዘፈ። እንዲህ ያለችው ለመብል አትሆንም። አቦይ መንጠቆውን ፈትተው፣ እስክታገግም በሁለት እጃቸው ውሃ ውስጥ ያዟት፤ ሄደች። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኗል። «ሽምግልና ታጥቦ ነው የሚኬደው» አሉኝ፤ ሊያስቁኝ።

ሱሪዬን አውልቄ ልሰጣቸው ሞከርኩ። እሳቸው ደልዳላ ናቸው፤ እኔ ቀጭን። «እዚህ ውስጥ አንድ እግሬም አይገባም» አሉ። ቤታቸው ተመልሰን እንለውጥ እንዳንል ሰዓቱ አልፏል። ጋሼ ጦይብ አቦይን ሲያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ፤ ከዚያ መቀመጫው ላይ ፌስታል አነጠፉ። 

እኔ ሞርተንሩድ የገበያ ማዕከሉ በር ላይ ወርጄ ጠበቅኩ። በኋላ የሆነውን የነገሩኝ ጋሼ ጦይብ ናቸው።

ሐጂ ይማም በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት የግድግዳውን ሰዓት ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። አቦይ በቆሙበት ከካልሲያቸው ውሃ ይወርድ ጀመር። «ተቀመጡ» ተባሉ፤ «ጉዳይ አለን» ብለው ቆሙ። ጋሼ ጦይብ ጥያቄውን አቀረቡ፤ አሳምረው። ሐጂ ይማም የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁ፤ ትምህርቴን ጠየቁ፤ ሁሉም በደህና አለፈ። ከዚያ «ከልጅቷ እናት ጋር ልማከር» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። እንደተባለውም ቆዩ።

አቦይ ይንቀጠቀጡ ነበር አሉ። ጋሼ ጦይብ በክርናቸው ደገፏቸው፤ «ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው» አሏቸው። አቦይ «እግሬ የለም» አሉ። ከዚያም ቀስ ብለው፣ በዚያ በጸዳው ሶፋ ላይ፣ ተቀመጡ።

ሐጂ ይማም ሲመለሱ አቦይን ተቀምጠው አዩ። ቀጥለውም በትሕትና «እንኳን ደህና መጣችሁ። እንግዶቻችን ናችሁ። ሻይ አምጡላቸው» አሉ። በቃ። ስለ እኔ አንድም ቃል አልተነሣም።

የአባቷን ደረቅ ሱሪ አጣጥፋ ለአቦይ ያመጣችላቸው ሐያት ናት። ስትሰጣቸው ዝቅ ብላ «አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አለቻቸው። አቦይ መዋሸት አያውቁበትም። «ዓሣ ነበር፣ ልጄ» አሏት።


ሰኞ

ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ አቦይ ዘንድ ሄድኩ። ትኩሳት ይዟቸዋል፤ ሲስሉ አልጋው ይነቃነቃል። ሐኪም አይቷቸው መድኃኒት አዟል። ሾርባ ሠራሁላቸው፤ ጥቂት ቀመሱ። የሐጂ ይማምን ሱሪ አጥበው ራዲያተሩ ላይ አስጥተውታል፤ ታመው እንኳ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «ማን አስገባኝ? እግሬ አይደለም ወይ የገባው?» ብለው አስቆሙኝ።

ወደ ማታ ጋሼ ጦይብ ደወሉ። ሐጂ ይማም ራሳቸው ደውለውላቸዋል! ቃላቸው ይህ ነው፦ «ሳይመላለሱ የሚወስዱት ልጅ የለኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ይምጡ። እኚያ ኤርትራዊ ጨዋ ሰው ናቸው። ብቻ በሚቀጥለው ደርቀው ይምጡ።»

ለአቦይ ስነግራቸው እየሳሉ ሳቁ፤ እየሳቁ ሳሉ። እኔ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ በደስታ። ዛሬ እተኛለሁ።


ማክሰኞ

አባቷ አይደሉም። እሷ ናት።

ግሩነርሎካ፣ በከተማው መሐል ከሚያልፈው ከሌላው ወንዝ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንድንገናኝ ጠየቀችኝ። የምሥራቹን ልነግራት እየሮጥኩ ሄድኩ። አውቃዋለች። «አባቴ እሺ ይላል» አለች። «እኔ ነኝ የማልለው።»

ቃሏን እንዳልረሳው እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ሽማግሌው ሲንቀጠቀጡ በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው። በእኔ ጉዳይ ቆመው። አባቴ ደግሞ ሆን ብሎ ሲያስቆማቸው፣ እኔን ሊያስከብር። ሁሉም ለእኔ ቆመው ነበር፣ ኑሩ። አንተ የት ነበርክ? ‹ትቀድሚያለሽ› ብለኸኝ።»

አስረዳኋት። ክሩ ድንጋይ ላይ እንደተጠመጠመ፤ አቦይ ሳላስበው እንደገቡ፤ ሐሳቡም የእሳቸው እንደነበረ። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ምላሴ መረረኝ፤ ግን ተናገርኩት።

«ነይ» አለች በኖርዌይኛው፤ አይደለም ማለቷ ነው። «ይህ ሁሉ የሆነው ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። እኔ የምጠይቅህ ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ለምንድን ነው ያልወጣኸው?»

ፊቴን አዞርኩ።

«እየው» አለችኝ፤ አገጬን በጣቷ ወደ ራሷ መለሰችው። «አሁንም ውሃውን ነው የምታየው።»

እውነት ነበር። ከፏፏቴው በታች፣ ውሃው በሚረጋበት፣ ዓይኔ ሄዶ ነበር። «ዓይኔ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» አልኳት።

ተነሣች። ሻርፗን አጠባበቀች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ምጥ ይዞኝ ስደውልልህ ‹አንድ ብቻ› የምትለኝ ሰው አልፈልግም። ለምን እንዳልወጣህ እውነቱን ስታውቀው ንገረኝ። ያኔ አስብበታለሁ። እስከዚያ ግን ሽማግሌ አትላክ፤ አባቴን አታድክም፤ እኒያን ሰውዬም አትግደላቸው።»

ትራሙ መጣ። ገባች። በመስኮቱ ወደ እኔ አልዞረችም።


ረቡዕ

አልበላሁም። ሥራ ላይ አንዱን ፎቅ ሁለት ጊዜ አጸዳሁት፤ ሌላውን ረሳሁት። ከላይኛው መስኮት ፊዮርዱ ይታያል። መጋረጃውን አወረድኩት። ሠራተኞቹ ጸሐይዋ አስቸግራኝ መሰላቸው።

ደወልኩላት። አላነሣችም። ምን ልላት እንደደወልኩ እኔም አላውቅም ነበር።

የእውነቱ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ምክንያት ሞልቶኛል፤ አንዱም መልስ አይደለም።


ሐሙስ

ዘንጌንና ስሉኮቼን ይዤ አቦይ ዘንድ ሄድኩ። ትኩሳቱ ለቅቋቸዋል። «ይውሰዱልኝ። ሁለተኛ አልነካውም» አልኳቸው።

«እሷ ጣለው አለችህ?»

«አላለችኝም።»

«እንግዲያስ በማን ላይ ነው የምትቆጣው? በብረት ላይ?» አሉኝ። «ቤቴ ጠባብ ነው። መልሰው።»

ሚስታቸው ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ስማቸውን ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ግን ወደ ግድግዳው ዞረው «ዘህራ ስትታመም እኔም ብዙ ጊዜ ውሃ ዳር ነበርኩ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። እኔም አልጠየቅኳቸውም። ሻዩ እስኪበርድ ድረስ ሁለታችንም ተቀምጠን ቆየን፤ ከዚያ ዘንጌን ይዤ ተመለስኩ።


ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ሐጂ ይማምን ከመስጊዱ በር ላይ አገኘኋቸው። መሸሽ ፈለግኩ፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው «የአባትህ አገር የት ላይ ነው፣ ሐይቅ? እኔ በልጅነቴ እዚያ ዋኝቻለሁ» አሉኝ። በደግ ፊት። ሴት ልጃቸው ምን እንዳለችኝ አያውቁም። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው» ብለው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። የእሳቸው ደግነት ከቁጣቸው በላይ ከበደኝ። ቤት ደርሼ በሩን እስክዘጋ ብቻ ቻልኩት።


ቅዳሜ

ወደ ወንዙ አፍ ወረድኩ። ያለ ዘንግ። ልሰናበተው ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ።

ጸሐይ ወጥታለች፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል። ውሃው ቀንሷል፤ ጠርቷል። ትልቁ ድንጋይ በግማሽ ይታያል። ድንጋዩን እያየሁ ሐያትን አሰብኩ፤ ትራሙን፣ ሻርፗን፣ ያልዞረ ፊቷን።  ምናልባት እንደዚህ አልቅሼ አላውቅም፤ ሰው የለም ብዬ ድምፄንም አልሸሸግኩም።

በዚህ መካከል ዓሣ ዘለለ። ከድንጋዩ ወዲያ፣ ብርማ፣ ሙሉ ገላው ከውሃ ወጥቶ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩ። ነፋሱን አየሁ። ከየት ቆሜ፣ በየት በኩል ብወረውር፣ የትኛው መዳብ፣ ስንት እስኪቆጠር ባሰምጠው... እንባዬ ፊቴ ላይ ሳይደርቅ ይህን ሁሉ አሰላሁ። እሷ በዓለም ላይ አልነበረችም። አቦይም አልነበሩም። እኔም ጭምር አልነበርኩም፤ ጭንቀቴም፣ ርቄ መምጣቴም። ውሃው ብቻ ነበር።

ከዚያ ተመለስኩ። ስመለስም ሐዘኔ እዚያው ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት፤ ቀድሞ ካለው ይልቅ ከብዶ። ምክንያቱም መልሱን ይዞ ነበር የቆየኝ።

እጄ ሳይመለስ ደወልኩ። አነሣች።

«ሐያት፣ አወቅኩት።»

«እየሰማሁህ ነው።»

«ክሩ አይደለም። አቦይም አይደሉም፤ በእሳቸው ማመካኘቴ ነውር ነው። ያ ጥላ ሲመጣ አንቺን ረሳሁሽ። አሳንሼሽ አይደለም፤ አመዛዝኜም አይደለም። ረሳሁሽ። እሑድ መሆኑንም። ዛሬም፣ አሁን፣ ስለ አንቺ እያለቀስኩ ሳለ ዓሣ ዘለለና ረሳሁሽ። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ጭንቀት የማይደርስብኝ ቦታ ይህ ብቻ ነው። አንቺም የማትደርሽበት መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።»

 መተንፈሷ ይሰማኛል። ከኋላዋ እናቷ ስለ ሽንኩርት የሆነ ነገር ይጠይቃሉ።

«እና አሁን የት ነህ?» አለችኝ።

«ውሃ ዳር።»

የሣቀች ወይም ያለቀሰች መሰለኝ፤ መለየት አልቻልኩም። «ቆይ» አለች። «ወደ ክፍሌ ልግባ። እንዳትዘጋው።»

እርምጃዋን ሰማሁ። በር ሲዘጋ ሰማሁ። «ኑሩ» አለችኝ። በዚያ ቅጽበት ስልኬ በእጄ ውስጥ ጠፋ። ብርዱ ባትሪውን ጨርሶታል።

ወደ ላይ ሮጥኩ። አውቶቡሱ የሚመጣበት ጊዜ ገና ነበር፤ አልጠበቅኩትም። መንገዱን በሙሉ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ ዘጋብኝ ብላ ታስባለች። እንዳትዘጋው ብላኝ ዘጋሁባት። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። አንድ ጊዜም ቢሆን ወደ ኋላዬ ዞሬ ውሃውን አላየሁም፤ ይህን የማስተውለው ግን አሁን ስጽፈው ነው።

ስልኩ ከግድግዳው ተሰክቷል። እስኪበራ ድረስ መቀመጥ አልቻልኩም፤ መቆምም አልቻልኩም፤ ስለዚህ ይህን እጽፋለሁ። ምን ልትለኝ እንደነበረ አላውቅም። «ኑሩ» ያለችበት ድምፅ የሰላምታ ነው፣ የስንብት ነው፣ ደጋግሜ በልቤ ሰማሁት፤ አልተለየልኝም።

በራ። አሁን ስሟን አሳይቶ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ፤ አንዴ፤ እንደገና። ይህን ቃል ጨርሼ አነሣዋለሁ።